ለክረምት የሙዚቃ ፌስቲቫል በቀረጻ ብቻ መምረጥ ፍትሐዊ ነው?

ጥያቄው (ከሐዋሳ)፦ ልጆቻችን ለክረምት የሙዚቃ ፌስቲቫል ሲወዳደሩ፣ እዚህም ሆነ ውጭ አገር፣ የመጀመሪያው ማጣሪያ ብዙ ጊዜ በቀረጻ ነው። ይህ ለሁሉም እኩል ነው ትላላችሁ?

የፒያኖ መምህር፦ ስም ተደብቆ ድምፁ ብቻ ከተሰማ ምን ቀረ? የአሜሪካው የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ እ.ኤ.አ. በ1952 ተፈታኞችን ከመጋረጃ ጀርባ ሲያስቀምጥ የጫማ ኮቴ እንኳ ሴት መሆኗን ያሳብቅ ነበር፤ ጫማ እስከ ማስወለቅ ተደረሰ። በኋላ መጋረጃው ሲለመድ በአሜሪካ ትልልቅ ኦርኬስትራዎች ሴቶች በረከቱ። እኛ አገርም «የእገሌ ዘመድ ነው» የሚባለውን የሚያስቀረው ይሄው ነው።

የክራር ተጫዋች፦ መምህር፣ መጋረጃው ፊትን ይሸፍናል እንጂ ድህነትን አይሸፍንም። እኛ ሰፈር ጣሪያው ሁሉ ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ከጀመረ የክራሩ ቀጭን ክር አይሰማም። ሲያባራ የባጃጅ ጥሩምባ ይገባል። ጸጥ የሚለው ሌሊት ነው፣ ያኔ ደግሞ ጎረቤት ተኝቷል። ስቱዲዮ የሚከራይ ልጅ ይህ ሁሉ አይነካውም። የእርስዎም ተማሪዎች ቢሆኑ ቤት ያላቸው ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ነው። ፒያኖ 88 አለው። የቾፒንን ኤቱድ፣ ማለት የፒያኖ መለማመጃ ድርሰቱን፣ ተጫወቱ ሲባሉ ቁልፉ ያልቅባቸዋል። ዳኛው ግን «አልቻለም» ብሎ ያልፋቸዋል።

እናት፦ እኔን የሚያሳስበኝ ከምርጫው በኋላ ያለው ነው። አሜሪካ ያለው የታንግልዉድ የክረምት ሙዚቃ ማዕከል ለመረጣቸው ወጣት ሙዚቀኞች ትምህርቱንም ማደሪያውንም ይሸፍናል። ሌሎቹ ፌስቲቫሎች ብዙዎቹ ግን ክፍያ አላቸው፤ ማመልከቻው ራሱ በዶላር የሚከፈልበት አለ። አቅም የሌለው ልጅ ገና ሳይጫወት ተጣራ ማለት ነው።

የቀረጻ ባለሙያ፦ ቀላል መላ አለ። ሁሉም በስልክ ይቅረጽ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ሳይቆረጥ ሳይቀጠል።

የክራር ተጫዋች፦ ወንድሜ፣ ስልክና ስልክም አንድ አይደለም። ለውጭው ይሁን እሺ። የአገር ውስጡ ግን ዳኞቹ ሐዋሳ ይምጡ። አንድ አዳራሽ፣ አንድ መሣሪያ፣ አንድ ቀን። ትዝታንና አንቺሆዬን ለይቶ የሚሰማ ዳኛም ይኑርበት። በፒያኖ ጆሮ የተዳኘ ክራር ሁልጊዜ ተሸናፊ ነው።

የፒያኖ መምህር፦ ደረጃ እንዳይወርድ እንጂ ሐሳቡን አልጠላሁትም። ወጪውን ማን ይችላል?

የክራር ተጫዋች፦ አዘጋጁ ነዋ! አሁን ወጪውን የቻልነው እኛ ነን። ሦስት ዳኛ በመኪና ከአዲስ አበባ ቢመጣ ይቀላል፣ ወይስ ሠላሳ ልጅ ስቱዲዮ ቢከራይ?

የፒያኖ መምህር፦ እሺ ልጄ፣ ይምጡ። መጋረጃው ግን ይቅር አትበለኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የራሱ ተማሪ የሚወዳደርበት ዳኛ ከወንበሩ ይነሳ። እኔም ብሆን።

እናት፦ እሱን በደንቡ ላይ ያስጽፉልን መምህር፤ በቃል ብቻ ከሆነ ይረሳል።