የጋራ ዕቅድ ረቂቅ፦ በግራዋ ቅጠል የሚሠራ ዚንክ ኦክሳይድ

አስተባባሪ፣ ባሕር ዳር፦ ጤና ይስጥልኝ። ረቂቁ ደርሷችኋል። የዚንክ ጨው ከግራዋ ቅጠል ጭማቂ ጋር አዋህደን እጅግ ደቃቅ (ናኖ) ቅንጣት ያለው የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት እንሠራለን፤ በእሱም የጨርቅ ማቅለሚያ የገባበትን ውኃ ፀሐይ ላይ እናጣራለን፤ ብርሃን ሲያነቃው ማቅለሚያውን ይሰባብራል። እስከ ዓርብ የታያችሁን ጻፉ።

ደብረ ማርቆስ፦ ረቂቁ ዚንክ ናይትሬት ይላል። እሱ እቶን ውስጥ በ500 ዲግሪ ሲገባ የሚለቀው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ቡናማ፣ ጉሮሮ የሚያንቅ ጋዝ። ቅጠል ስለጨመርንበት አካባቢ አይበክልም ልንል አንችልም። በዚንክ አሴቴት ይተካ።

እንጅባራ፦ ልክ ነዎት። ሌላም አለ፦ «ቅጠሉ ለዚንኩ ኤሌክትሮን ይሰጠዋል» የሚለው ይውጣ። እሱ ለብርና ለወርቅ ነው። ዚንክ በጨውም በኦክሳይድም ያው +2 ነው፤ ኤሌክትሮን አይቀበልም። የቅጠሉ ፖሊፌኖሎች (ቅጠሉ ውስጥ ያሉ የተፈጥሮ ውህዶች) ሥራ ዚንኩን መያዝና ቅንጣቶቹ እንዳይጓጉሉ መጠበቅ ነው። ገምጋሚ መጀመሪያ የሚይዘን እዚህ ላይ ነው።

ፍኖተ ሰላም፦ እምቦጭ ጣናን ሞልቶት ሳለ ግራዋ ለምን?

አስተባባሪ፦ እምቦጭ ከባድ ብረቶችን ከውኃ ይስባል፤ ከተነቀለበት ቦታ ጋር የጭማቂው ይዘትም ይለዋወጥብናል። ግራዋ በየአጥሩ አለ፤ ጋን ከሚያጥቡት እናቶችም አንሻማም፣ እፍኝ ይበቃናል።

ደብረ ማርቆስ፦ ይሁን። አሁን ወደ ፀሐዩ። የዚንክ ኦክሳይድ የኃይል ክፍተት (ለመነቃት የሚፈልገው ትንሹ የብርሃን ኃይል) 3.3 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ስለሆነ የሚያነቃው በአብዛኛው የሞገድ ርዝመቱ ከ380 ናኖሜትር በታች የሆነ አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። ከፀሐይ ኃይል ይህ ጥቂት እጅ ነው። ግን ከፍታ ሲጨምር አልትራቫዮሌት ይበረታል፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ፣ እኛ ከ2,400 በላይ ነን። አንዱን ዱቄት በአንድ ቀን በሁለቱ ከተማ ብንፈትነው ዕቅዱ የራሳችን ይሆናል፤ አለበለዚያ ስንቱ የሠራውን መድገም ነው። ክረምቱን እንተወው፣ ከጥቅምት እንጀምር።

ማነጻጸሪያዎቹም ይጻፉ፦ ማቅለሚያው ያለ ዱቄት ፀሐይ ላይ፣ ከዱቄት ጋር ደግሞ ጨለማ ውስጥ። የምንፈትንበት ማቅለሚያ ሜቲሊን ብሉ ራሱ ብርሃን ስለሚስብ ብቻውንም ይደበዝዛል። ቀለሙ ቢጠፋም ስብርባሪው ውኃው ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ሲኦዲ (ውኃው ውስጥ የቀረውን ብክለት ለማቃጠል የሚያስፈልገው የኦክስጅን መጠን) ይለካ።

እንጅባራ፦ ዱቄቱንስ ከውኃው ማን ያወጣዋል? ዚንክ ኦክሳይድ በአሲድ ይሟሟል፣ የሟሟ ዚንክ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው። ጣና ዳር ተቀምጠን ይህን አንዘልም። መስታወት ላይ ይለጠፍ፤ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላም የሟሟው ዚንክ ይለካ።

አስተባባሪ፦ ሁሉንም አስገብቻለሁ። የፀሐዩን ክፍል ደብረ ማርቆስ፣ የዚንኩን እንጅባራ ይጻፉልን። ፍኖተ ሰላም ቅጠሉን ይሰብስብ፤ ከአንድ ሰፈር፣ በአንድ ሳምንት፣ በጥላ የደረቀ ይሁን። ዱቄቱ በእርግጥ ዚንክ ኦክሳይድ መሆኑን የሚያሳየው የኤክስሬይ ምርመራ ዋጋ ሲታወቅ በጀቱን እልካለሁ።