ሄክሳሜታፎስፌት አልቆብኝ ሃይድሮሜትሩን በሳሙና ብሠራውስ?

የአፈር ላብ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ጥቁር አፈር ላይ ሃይድሮሜትር (የደቃቅ ቅንጣቶችን መጠን ውሃ ውስጥ በአወራረዳቸው የምንለካበትን ሙከራ) ልሠራ ስል ቅንጣቶቹን የሚበትነው ሶዲየም ሄክሳሜታፎስፌት አለቀ። አንዱ «ሳሙናም ሰርፋክታንት (ራሱ ውሃ የሚወድ፣ ጭራው ውሃ የሚጠላ ሞለኪውል) አይደል? ይበትነዋል» ብሎ መከረኝና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በቧንቧ ውሃ አድርጌ ሞከርኩ። አረፋው የሃይድሮሜትሩን አንገት ሸፍኖ ንባቡ አይታይም። ይባስ ብሎ ጭቃው እንደ እርጎ ቋጥሮ ቶሎ ወረደ፤ ከላይ ኩልል ያለ ውሃ ቀረ። ምን ነካው?

ኬሚስቷ፦
የሸክላ ቅንጣት ጠፍጣፋ ገጹ ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። ሳይወርድ የሚቆየው ቅንጣቶቹ በዚህ ቻርጅ ስለሚገፋፉ ነው። የዕቃ ሳሙና ውስጥ በብዛት ያለው ሰርፋክታንትም ኔጋቲቭ ስለሆነ ገጹ ላይ በደንብ አይለጠፍም። ካልተለጠፈ ደግሞ ምን ሊረዳህ? በዚያ ላይ ሳሙናው እንዲወፍር ብዙ ጊዜ የምግብ ጨው ይገባበታል። ጨውም ሆነ የቧንቧ ውሃ ካልሲየም መገፋፋቱን ያዳክመዋል።

ሄክሳሜታፎስፌት ግን የቅንጣቱ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ኔጋቲቭነቱን ይጨምራል፣ ካልሲየሙንም ይይዝልሃል። ሰርፋክታንት ስላልሆነም እንደ ሳሙና አያረፋም።

አዲስ ገቢ፦
የፀጉር ኮንዲሽነር ውስጥ ያለው ፖዘቲቭ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እሱስ ይለጠፍ የለ?

ኬሚስቷ፦
ይለጠፋል፤ ጣጣውም እሱ ነው። ፖዘቲቭ ሰርፋክታንት የሆነውን ሲቲኤቢን እንውሰድ። ትንሽ ስትጨምር ቻርጁን ያጠፋዋል። ጭራው ውሃ ስለሚጠላ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ይወርዳሉ። እየጨመርክ ስትሄድ በላዩ ሁለተኛ ንጣፍ ይነጠፋል፣ ራሶቹ ወደ ውሃው ይዞራሉ። ቅንጣቱ ፖዘቲቭ ይሆንና እንደገና ይበተናል። ለቴሲስ ቆንጆ ርዕስ ነው፤ ለደንበኛ ሪፖርት ግን አይሆንም።

የመንገድ ሰው፦
ቲዮሪውን ለኬሚስቷ ትቼ ሥራውን ልንገርህ። 40 ግራም ሄክሳሜታፎስፌት በ1 ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ሟሟ። ከዚያ ላይ 125 ሚሊ ሊትር ለ50 ግራም አፈር፤ ቢያንስ 16 ሰዓት ይዘፍዘፍ። በሚክሰር ምታውና ሲሊንደሩን በዲስቲልድ ውሃ እስከ 1000 ሚሊ ሊትር ሙላ። የሟሟኸውን ከወር በላይ አታቆየው፣ እየዋለ ይፈርሳል። አፈር የሌለበት ሌላ ሲሊንደር ውስጥ ያንኑ 125 ጨምረህ ከአፈሩ ንባብ የሚቀነሰውን ማስተካከያ አንብብ። ይህቺን የሚዘላት ብዙ ነው! ትንሽ አረፋ ከመጣ ጥቂት ጠብታ አልኮል ያጠፋዋል።

የአፈር ላብ (ጠያቂ)፦
ሳሙና የነካውን ናሙና አጥቤ ልጠቀምበት?

የመንገድ ሰው፦
ተወው ባክህ። ስታጥበው የሚሄድብህ ደቃቁ ነው፤ የምትለካውም ደቃቁን። ከተረፈው አፈር አዲስ 50 ግራም መዝን።