ጥራት ያለው ብሌንደር፣ የአቧራ መሳቢያና የውሃ ማፍያ ለድሬዳዋ ቤት፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጠያቂ፦ የሳቢያን ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሲሆን፣ በውጭ አገር የሚኖሩት ወንድሜና እህቴ ለእናታችን ቤት ደህና የወጥ ቤትና የጽዳት ዕቃ እንድገዛ ገንዘብ ልከውልኛል። የሚያስፈልጉን ብሌንደር፣ የአቧራ መሳቢያ ማሽንና የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ናቸው። ርካሽ ገዝቶ በየዓመቱ ከመቀየር፣ አንድ ጊዜ ጠንከር ያለ ገንዘብ አውጥቶ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል መያዝ ይሻላል ብለን ተስማምተናል፤ ነገር ግን ውድ የሆነው ሁሉ ጥሩ እንዳልሆነ በራሴ ደርሶ አይቼዋለሁ።

ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ ካርቶኑ ላይ 4500 ዋት የሚል የተጻፈበት ብሌንደር ከሌሎቹ ዋጋው ላቅ ያለ ስለነበር አምኜ ገዛሁት። በሁለተኛው ወር፣ እናቴ ለዐቢይ ጾም ተልባ ስትፈጭበት መጀመሪያ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ከሥሩ ቀጭን ጭስ ወጣና ቀጥ አለ። የሸጠልኝ ነጋዴ ተልባ እንደማይፈጭበት ነግሮ መለሰኝ፤ ስገዛ ግን ይህን አልነገረኝም፣ የዋስትና ወረቀትም አልሰጠኝም።

አሁን አሜሪካ ያለችው እህቴ ቪታሚክስ የተባለውን ብሌንደር ልላክልሽ ትለኛለች። እዚህ ይሠራልኝ ይሆን? የአቧራ መሳቢያውስ ከረጢት ያለው ይሻላል ወይስ የሌለው? የድሬን አቧራ የምታውቁ ሁሉ ምክራችሁን እጠብቃለሁ።

ምላሽ፦ የሞተር ጥገና ባለሙያ፣ መጋላ

ውድ ጠያቂያችን፣ ሞተር በመጠቅለል ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ከዋቱ ልጀምር። ቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው የተለመደው ሶኬት ቢበዛ የሚሸከመው 16 አምፒር ነው፤ መብራታችን 220 ቮልት ስለሆነ ሁለቱ ሲባዙ 3520 ዋት ይመጣል። ያ ብሌንደር ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ያህል ቢስብ ኖሮ ሶኬቱ ከአቅሙ በላይ ይጫንበት ነበር ማለት ነው። እውነተኛውን ቁጥር የሚያገኙት ከማሽኑ ሥር በተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ላይ ነው፤ እርሷ ከሌለች ወይም ቮልቱና ዋቱ ካልተጻፈባት ዋጋው ምንም ይሁን ምን አይግዙት። በደንብ በተሠሩት ላይ ኬቢ (KB) የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላትና አጠገባቸው የደቂቃ ቁጥር ይታያል፤ ትርጉሙ ሞተሩ ሳያርፍ መሥራት ያለበት ለዚያን ያህል ጊዜ ብቻ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው አንድ ደቂቃ የሚለውን ማሽን አሥር ደቂቃ ያሠራዋል፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ደግሞ ሞተሩ ገና ሳይነሳ ስለሚሞቅ እዚህ ከተማ ዕረፍቱን ማራዘም ግድ ነው።

እርስዎ እንደገለጹት ተቃጥለው የሚመጡልኝን ስከፍታቸው፣ ከውጭ ግዙፍ የሚመስለው አካል ውስጡ ባዶ ሆኖ ሞተሩ ከቡና ስኒ እምብዛም የማይበልጥ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሽቦውን በምላጭ ስፍቀው ላዩ መዳብ መስሎ ውስጡ ነጭ አሉሚኒየም ይወጣል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ በሁለት እጅዎ አንሥተው ክብደቱን ይመዝኑት፤ ጆጉን አውርደው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበትን ጥርስ ይመልከቱ፤ ብረት ከሆነ ጥሩ ነው፣ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ለብቻው ተገዝቶ የሚቀየር መሆኑን ይጠይቁ። ሲሞቅ ራሱን የሚያጠፋ መከላከያ እንዳለውም ይጠይቁ። ካርቦኑ፣ ማለትም ለሚዞረው የሞተሩ ክፍል መብራት የሚያሻግረውና እየተበላ የሚያልቀው ቁራጭ፣ ከውጭ በብሎን ተከፍቶ የሚለወጥ ከሆነማ እኔ ዘንድ ሳይመጡ በቤትዎ ያድሱታል።

ቪታሚክስ እ.ኤ.አ. በ1921 የተመሠረተ የአሜሪካ ድርጅት ሲሆን ማሽኑ ለደረቅ እህልም የሚሆን የራሱ ጆግ አለው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ችግሩ በአሜሪካ የሚሸጠው ለ120 ቮልት የተሠራ መሆኑ ነው፤ እዚህ በቀጥታ ቢሰኩት በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል። በትራንስፎርመር ማሠራት ይቻላል፣ ግን ትራንስፎርመሩ ከማሽኑ ዋት በልጦ ቢያንስ 2000 ዋት የሚሸከም መሆን አለበት፤ ያ ደግሞ እንደ ድንጋይ የሚከብድና ወጥ ቤት ውስጥ ቦታ የሚይዝ ዕቃ ነው። እናትዎ ሳያስተውሉ አንድ ቀን በቀጥታ ቢሰኩት ያ ሁሉ ገንዘብ ከንቱ ይቀራል። እህትዎ ገንዘቡን ይላኩና ለ220 ቮልት የተሠራውን ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ ያስመጡ። የዱባዩ ፕላግ ባለ ሦስት አራት ማዕዘን እግር ነው፤ በእስክሪብቶ ጫፍ ሶኬቱን እየከፈቱ በግድ ከማስገባት ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሰጥተው ሦስተኛውን የመሬት ሽቦ ሳያስቀሩ ፕላጉን ያስቀይሩት። የብረት አካል ያለው ማሽን ያለ መሬት ሽቦ ሰው ሊመታ ይችላል።

ምላሽ፦ እናት፣ ከሐረር ጀጎል

እህቴ፣ እኔ የምኖረው በጥንቱ የሐረሪ ቤት ነው። ነደባ የምንላቸው የመቀመጫ ደረጃዎች ሁሉ ምንጣፍና ትራስ የለበሱ ስለሆኑ፣ መጥረጊያ ብቻውን አቧራውን ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ከማሻገር በቀር አይረዳም። ልጄ አስም ስላለበት ይህ ነገር ለእኔ የጤና ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ከረጢት የሌለው ገዝቼ ነበር። ከረጢት አያስፈልገውም መባሉ ቁጠባ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሆኖም ግቢ ወጥቼ ስደፋው ነፋሱ ያን የላመ አቧራ መልሶ ፊቴና ልብሴ ላይ ያለብሰኝ ነበር፣ ልጄም ከመጥረጉ ይልቅ በመድፋቱ ሰዓት ያስል ነበር። ማጣሪያውም በየሳምንቱ ይደፈናል፤ ካልታጠበ አይስብም፣ ታጥቦ ሳይደርቅ ከተገጠመ ደግሞ ይሸታል፣ ሞተሩንም ያበላሻል። በኋላ ጀርመን ያለው ወንድሜ ሚሌ የተባለውን ከረጢት ያለው ማሽን አመጣልኝ። ከረጢቱ ሲሞላ አፉ ተዘግቶ እንዳለ ይጣላል፣ ሄፓ የተባለው ማጣሪያም ከኋላ የሚወጣውን አየር ያጠራል። ከረጢቱን እዚህ ማግኘት ስለሚያስቸግር የሚመጣ ሰው በተገኘ ቁጥር አንድ ሁለት ፓኮ አስመጣለሁ፤ ክብደት የለውምና ማንም ሻንጣው ውስጥ ሊያኖረው ይችላል። የሚያመጣልሽ ሰው ከሌለሽ ግን ታጥቦ የሚመለስ የጨርቅ ከረጢት ያለውን በርሜል መሰሉን ምረጪ።

በዋት ጉዳይ ወንድማችን ያሉት ለዚህም ይሠራል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2017 ጀምሮ ከ900 ዋት በላይ የሚስብ የቤት ውስጥ ቫኪዩም አዲስ ለገበያ እንዳይቀርብ ከልክሏል፤ የእኔም ከዚያ በታች ሆኖ ምንጣፉን ከወለሉ እስኪያነሳ ድረስ ይስባል። በባትሪ የሚሠራውን ግን ለድሬዳዋ አልመክርሽም። ሙቀት ባትሪን ያደክማል፤ ባትሪው ሲሞት ደግሞ ምትኩን የሚሸጥልሽ አታገኚም።

አንድ ነገር አደራ ልበልሽ። ቡና ተፈልቶ ከተጠጣ በኋላ የከሰል አመድና የዕጣን ማጨሻ ፍርፋሪ በፍጹም በማሽኑ አትሳቢ። የጠፋ የሚመስል ፍም ከረጢቱ ውስጥ እሳት ያነሳል። ቄጠማውንም አስቀድመሽ በእጅ ሰብስቢው፤ ቱቦው ውስጥ ተጠምዝዞ ከቀረ ማውጣቱ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ምላሽ፦ የከዚራ ልጅ

ከላይ በተባለው ብስማማም፣ ሦስቱንም ዕቃ ከውዱ መግዛት ተገቢ አይመስለኝም። የውሃ ማፍያ ውስጡ ከማሞቂያና ከማጥፊያ በቀር ምንም የለውም፤ በድሬዳዋ የሚገድለው ደግሞ ውሃችን ነው። አካባቢው የኖራ ድንጋይ የበዛበት መሆኑን የሲሚንቶ ፋብሪካ መኖሩ ይመሰክራል፤ ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃም ያን ይዞ ስለሚመጣ ሲፈላ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ማሞቂያው ላይ ይጋገራል። ቅርፊቱ ሙቀቱን ወደ ውሃው እንዳያልፍ ስለሚያግድ ማሞቂያው በራሱ ሙቀት ይቃጠላል። ስለዚህ መካከለኛ ዋጋ ያለው፣ ሙሉ በሙሉ የማይዝግ ብረት የሆነና ማሞቂያው ከወለሉ ሥር የተሸፈነ ይበቃል፤ ማሞቂያው እንደ ቀለበት ውሃው ውስጥ የሚታየውን ማጽዳት መከራ ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ የሦስት ሎሚ ጭማቂ ከውሃ ጋር አፍልተው ግማሽ ሰዓት ካቆዩት ቅርፊቱ እንደ ወረቀት ተላጦ ይወጣል፤ አቼቶም ይሠራል፣ ሽታው ግን ይቆያል። የእንፋሎት ካውያና የቡና ማሽን ለመግዛት ያሰበ ሰውም ከማሽኑ ዋጋ በፊት ይህን ውሃ ያስብ። ከዚህ የተረፈውን ገንዘብ ብሌንደሩ ላይ ይጨምሩት።

መብራት ሲሄድም ሁሉንም ከሶኬት መንቀል ይልመድብዎ፤ አብዛኛው ዕቃ የሚቃጠለው መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ነው።

ጠያቂ፦ የሳቢያን ነዋሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከእህቴ ጋር ተነጋግረን የአሜሪካው እንዲቀር፣ ብሌንደሩን ለ220 ቮልት የተሠራ ከዱባይ እንድታዝልን ወስነናል። የአቧራ መሳቢያውን ከረጢት ያለው አድርጌ፣ የውሃ ማፍያውን ከዚሁ ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ እገዛለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ እናቴ ተልባዋን አትተውምና አዲሱ ላይ እንዴት ትፍጨው?

ምላሽ፦ የሞተር ጥገና ባለሙያ፣ መጋላ

ተልባው ከታመሰ በኋላ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ፤ በትኩሱ ከተፈጨ ዘይቱን አውጥቶ ምላጩ ሥር እንደ ሙጫ ይያያዛል፣ ሞተሩ የሚጨነቀውም ያን ጊዜ ነው። ከጆጉ ሩብ ያህል ብቻ ጨምረው ሠላሳ ሰከንድ ያሠሩት፤ ከዚያ ያጥፉትና የሞተሩን አካል በመዳፍዎ ይንኩት። ለብ ካለ ይቀጥሉ፤ እጅ የሚያስነሳ ከሆነ ግን እስኪበርድ ይተዉት።