ለባንትይቀጡ ወንዝ የውሃ ጥራት የትኛው ሞዴል ይሻላል?

የአራዳው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባንትይቀጡ ከፍልውሃ አካባቢ ጀምሮ ከቀበና ጋር እስከሚገናኝበት ድረስ በበጋ የኦክስጅንና የአሞኒያ መጠኑ እንዴት እንደሚለዋወጥ መተንበይ እፈልጋለሁ። ያለኝ በወር አንዴ የተለካ የሙቀት፣ የቢኦዲ-5 (ተሕዋስያን ቆሻሻውን ሲያበሰብሱ በ5 ቀን የሚበሉት ኦክስጅን)፣ የአሞኒያና የኦክስጅን መረጃ ነው፤ የፍሰት መረጃ የለም። ኳል-ቱ-ኬ፣ ዋስፕና ስዋት በሚባሉት የኮምፒውተር ሞዴሎች መካከል ቆሜያለሁ፤ ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተሩ ከመረጃው ራሱ እንዲማር ማድረግ) ሞክር ያሉኝም አሉ። የቱን ልያዝ?

ሃይድሮ፦
ወንድሜ፣ ለበጋ ከሆነ ኳል-ቱ-ኬን ያዝ። በነጻ ይገኛል፣ በኤክሴል ይሠራል፤ ፍሰቱን ቋሚ አድርጎ ወስዶ የሙቀትና የኦክስጅንን የቀንና የሌሊት ልዩነት ያሰላል። ስዋት በዋናነት ለእርሻ ተፋሰስ የተሠራ ስለሆነ ከየቱቦው ለሚወርድ ፍሳሽ አይመረጥም። ዋስፕ የሚያስፈልገው ፍሰቱ በየሰዓቱ ሲለዋወጥ ወይም ከደለል ጋር የሚጓዝ ከባድ ብረት ሲጠና ነው፤ ለምሳሌ የትንሹ አቃቂ ክሮሚየም። የክረምቱ ዝናብ ከአስፋልት ጠርጎ ለሚያወርደው ደግሞ ስዊም (SWMM) የሚባል ሞዴል አለ።

ከሁሉ በፊት ከፍታውን አስገባ። 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ በባሕር ወለል 9.1 ሚሊግራም በሊትር ኦክስጅን ይይዛል፤ በአዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ግን ከ7 በታች ነው። ከፍታው ዜሮ ሆኖ ከቀረ ሞዴሉ ወንዙ ሊይዝ የማይችለውን ኦክስጅን ይሰጠዋል። ያኔ ውጤቱን ከልኬቱ ጋር ለማስማማት የቢኦዲ መበስበሻ ፍጥነት ያለአግባብ ይጨመራል፣ ካሊብሬሽኑም (ሞዴሉን ከልኬቱ ጋር ማስማማቱ) የተስማማ ይመስላል እንጂ ሐሰት ነው።

ቢኦዲ-5ንም እንዳለ አታስገባ፤ ሞዴሉ የሚፈልገው የመጨረሻውን የካርቦን ቢኦዲ (ካርቦን ያለበት ቆሻሻ በስብሶ እስኪያልቅ የሚበላውን ኦክስጅን) ነው። በጠርሙስ ውስጥ ያለው የመበስበስ ፍጥነት በቀን 0.23 ከሆነ በ1.46 አባዛው። በላብራቶሪ የናይትሪፊኬሽን (ባክቴሪያ አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጥበት ሂደት) ማገጃ ካልተጨመረ አሞኒያው የሚበላው ኦክስጅን ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ጥልቀቱ ከ0.6 ሜትር በታች ከሆነ ከአየር ለሚገባው ኦክስጅን የኦውንስ-ጊብስን ቀመር ምረጥ።

መስክ ላይ፦
ፍሰት ሳይለካ ሞዴል የለም። በበጋ ውሃው ትንሽ ስለሆነ በጨው ለካ፦ የታወቀ መጠን ያለው የገበታ ጨው በባልዲ አሟሟና በአንዴ ድፋ፤ ውሃው በደንብ ከተቀላቀለበት ቦታ በታች በኮንዳክቲቪቲ ሜትር (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን በሚለካ መሣሪያ) በየ5 ሰከንዱ መዝግብ። ለ200 ሊትር በሰከንድ 1 ኪሎ ይበቃል ይባላል፤ ፍሳሽ በበዛበት ወንዝ ግን መነሻው ኮንዳክቲቪቲ ከፍ ያለና የሚዋዥቅ ስለሆነ 2 ኪሎ አድርገው። ከታች የጨው ንባቡ ከፍተኛው ላይ የደረሰበት ሰዓት የጉዞውን ጊዜም ይሰጥሃል።

ሙቅ ውሃ የሚገባበት ቦታ ካለ ለብቻው እንደ ገባር አስገባው። ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሲወጣ፣ ለአንድ ዲግሪ በተለመደው የ1.047 ማባዣ መሠረት፣ የቢኦዲ መበስበስ በ1.6 እጥፍ ገደማ ይፈጥናል።

ዳታ፦
በወር አንዴ በተለካ መረጃ ማሽን ለርኒንግ አይሞከርም። በተለይ መረጃውን በዘፈቀደ ለማሰልጠኛና ለመፈተኛ ከከፈልከው፣ በአንድ ቀን ከጎረቤት ነጥቦች የተወሰዱ ናሙናዎች በሁለቱም ወገን ይገቡና ውጤቱ ያማረ ይመስላል። ናሙናው በተወሰደበት ቀን ለይተህ ክፈለው፤ ያኔ እውነተኛው ስሕተት ይታያል። አዲስ ፍሳሽ ማጣሪያ ቢሠራ ምን ይሆናል ለሚለውም መልስ የለውም፣ አይቶት አያውቅምና።

የአራዳው፦
እጅግ አመሰግናለሁ። በአንዳንድ ነጥብ ኦክስጅኑ ዜሮ ነው። ችግር ይፈጥራል?

ሃይድሮ፦
ይፈጥራል። ስትሪተር-ፌልፕስ በሚባለው ቀላል የኦክስጅን ቀመር ኦክስጅኑ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ኳል-ቱ-ኬ ኦክስጅን ሲያልቅ መበስበሱንም ናይትሪፊኬሽኑንም ያዘገያል፤ ያንን ምርጫ ክፈተው። ዜሮ የሆኑትን ነጥቦች ግን ለካሊብሬሽን አትጠቀም፣ ፍጥነቱ ምንም ቢሆን ዜሮ ይሰጣሉና። እዚያ አሞኒያውንና ቢኦዲውን አስማማ፤ ኦክስጅኑን ከታች እንደገና መውጣት በሚጀምርበት ቦታ። በኅዳር ያስማማኸውን በጥር ፈትነው።