ኮከቡ ሁሉ ቀለበት ሆኖ ይታየናል፤ የቴሌስኮፑ መስተዋት ተበላሽቶ ይሆን?

ጠያቂ (ከምሽቱ 2፡40)
ከስድስት ጓደኞቼ ጋር ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለ ሜዳ ላይ ነን። ባለ 250 ሚሊ ሜትር መስተዋት ቴሌስኮፓችንን ወደ የትኛውም ኮከብ ብናዞረው መሃሉ የጠቆረ የብርሃን ቀለበት ብቻ ያሳየናል፤ ጁፒተርም እንደዚያው ነው። መስተዋቱ መሃል ላይ ትንሽ ክብ ምልክት ስላየሁ በጉዞ የተጎዳ መስሎኛል። በሶፍትና በአልኮል ልጥረገው? ብርዱ ስለጠናብን እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ ጋሊልዮ በ1610 የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያየው ከእናንተ እጅግ ባነሰ መሣሪያ ነውና አትቸኩሉ። ከመኪና የወጣ ሙቅ መስተዋት ከውጭው ብርድ ጋር እስኪስማማ ድረስ በላዩ ያለው አየር ስለሚናወጥ ምስሉ ይርገበገባል፤ ስለዚህ አንድ ሰዓት ያህል ጠብቁ።

ሻይ በቦምቦሊኖ
ቦምቦሊኖው ከሰማይ ከመጣላችሁ ሻዩን ብቻ አፍሉ። ለማንኛውም የፎከስ ማስተካከያውን ወደ ውጭ ስታዞሩት ቀለበቱ እየጠበበ ሄዶ፣ ነጥብ ከመሆኑ በፊት መንገዱ ካለቀ፣ ያልገጠማችሁት ማራዘሚያ ቱቦ አለ ማለት ነው።

እንጦጦ ማዶ
«ተበላሽቷል» የሚለውን አልቀበልም። ጥቁሩ መሃል ከቱቦው አፍ አጠገብ ያለችው የትንሿ መስተዋት ጥላ ነው፤ እንጦጦ ያሉት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖችም ፎከሳቸው ቢዛባ ይህንኑ ያሳያሉ። ክብ ምልክቱም መስተዋቶቹን ለማስተካከል ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ሶፍቱን ወደ ኪስዎ ይመልሱ፤ ስስ የሆነውን የአሉሚኒየም ሽፋን ይቧጭረዋል።

ጠያቂ
ቀለበቱ ይጠባል፤ ግን አይዘጋም። ያልገባን አንድ አጭር ቱቦ ስለነበረ ሳጥኑ ውስጥ ትተነው አዲስ አበባ ቀርቷል።

ሻይ በቦምቦሊኖ
እንግዲያውስ የያዘውን ብሎን አላልታችሁ፣ ዐይናችሁን የምታስጠጉበትን ሌንስ በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ውጭ ሳቡት፤ ኮከቡ ነጥብ ሲሆን ብሎኑን መልሳችሁ አጥብቁ። ካልያዘ በወረቀት ጠቅልላችሁ አጽኑት። ብዙ በሚያጎላው ባለ 10 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሳይሆን አነስ አድርጎ በሚያሳየው ባለ 25 ጀምሩ።

ብርድ የማይበግረው (ከምሽቱ 4፡15)
መስተዋቱን መጀመሪያ አቀዝቅዙት።

እንጦጦ ማዶ
ይህማ ተብሏል። ጠያቂው፣ ነጥብ ሆነላችሁ?