አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ዊንዶውስ 10 ስጭን በየጊዜው በተለያየ ቦታ ይቋረጣል

ባለ ጽሕፈት ቤት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ፍርድ ቤት አጠገብ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻ፣ አቤቱታና የኪራይ ውል በየቀኑ የምጽፈው በአንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር 2 ዱዎ ኢ8400፣ ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) 4 ጊጋባይት ሲሆን እስካሁን በዊንዶውስ 7 ሲያገለግለኝ ቆይቷል። 250 ጊጋባይት የሆነው ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት ስለ ጀመረ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ገዝቼ ዊንዶውስ 10 ልጭንበት ተነሣሁ።

ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ይነሣል፣ ቋንቋ ያስመርጠኛል፣ አዲሱንም ዲስክ ያየዋል። ፋይሎቹን ማዘጋጀት ከጀመረ በኋላ ግን ይቆምና አስፈላጊ የሆኑትን ፋይሎች መጫን እንዳልቻለ፣ ፋይሉም ተበላሽቶ ወይም ጠፍቶ ሊሆን እንደሚችል የሚገልጽ መልእክት በ80070570 ከሚያልቅ የስህተት ቁጥር ጋር ያወጣል። አራት ጊዜ ሞክሬአለሁ። መጀመሪያ 23 በመቶ ላይ፣ ቀጥሎ 61 ላይ፣ ከዚያ 38 ላይ፣ በመጨረሻም 84 ላይ ቆመ። 84 የደረሰ ዕለት ሥራ ዘግቼ ቁጥሩን እየተከታተልኩ ነበርና ሲቋረጥ እጅግ አዘንኩ።

ምናልባት የሚጠቅም ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር፤ መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደ ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ይመለሳል፣ ለመቀጠል ኤፍ1ን ተጫን የሚል ጽሑፍም ይወጣል። ያማከርኳቸው ሰዎች ማዘርቦርዱ አልቆለታልና ሌላ ኮምፒውተር ግዛ ይሉኛል። አቅሜ ለዚያ ስለማይበቃ ከመወሰኔ በፊት ምን መመርመር እንዳለብኝ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የአይሲቲ ተማሪ

ይህ የስህተት ቁጥር በአጭሩ ሲተረጎም «ፋይሉ ተበላሽቷል፣ ሊነበብም አይችልም» ማለት ስለሆነ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ፍላሹ ነው። የአይኤስኦ ፋይሉን (ዊንዶውስ የሚጫንበትን ትልቅ ፋይል) ከሰው ተቀብለውት ከሆነ ይተዉትና ከማይክሮሶፍት ገጽ ላይ ራስዎ ያውርዱት፤ የኤስኤችኤ 256 ቁጥሩንም (ፋይሉ ሳይለወጥ መድረሱን የሚያሳየውን የፊደልና የቁጥር መለያ) በገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያዩ። አንዲት ፊደል እንኳ ከተለየች ፋይሉ ሲወርድ ተበላሽቷል ማለት ነው። በሞባይል ዳታ ከወረደና በመሃል ከተቆራረጠ ይህ የተለመደ ነው።

ፍላሹን ሩፎስ በሚባለው ፕሮግራም ሲያዘጋጁ ኤምቢአር የሚለውን (የድሮውን የዲስክ አከፋፈል) ይምረጡ። የእርስዎ ዘመን ማዘርቦርዶች በአብዛኛው የሚሠሩት በድሮው ባዮስ (ኮምፒውተሩን መጀመሪያ በሚያስነሣው ፕሮግራም) ስለሆነ ባዮስን ለተካው ለዩኢኤፍአይ ብቻ ከተዘጋጀ ፍላሽ አይነሡም። ሩፎስ ላይ ፍላሹ የተበላሸ ቦታ እንዳለው የሚፈትሽ ምርጫም አለ፤ ጊዜ ቢወስድም ያድርጉት፣ ምክንያቱም 64 ጊጋባይት ተብሎ ተሽጦ እውነተኛ አቅሙ ከዚያ እጅግ ያነሰ ፍላሽ በገበያው ላይ ሞልቷል። ፍላሹን የሚሰኩት ደግሞ ከፊት ሳይሆን ከሲፒዩው ጀርባ፣ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ በተያያዘው ቀዳዳ ይሁን። ለኤስኤስዲው ሲባል ከመጫንዎ በፊት በባዮስ ውስጥ የሳታውን (የዲስኩን ማገናኛ) ምርጫ ከድሮው አሠራር ከአይዲኢ ወደ አዲሱ ወደ ኤኤችሲአይ ይቀይሩት።

ባለ ጽሕፈት ቤት (ጠያቂ)

ያሉኝን ሁሉ አንድ በአንድ ፈጽሜአለሁ። አዲስ ፍላሽ ገዛሁ፣ ፋይሉን ከዋናው ገጽ አወረድኩ፣ ቁጥሩም አንድ ዓይነት ሆነ፣ ሳታውንም ወደ ኤኤችሲአይ ቀየርኩ። ከጀርባ ሰክቼ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ አንዱ 47 በመቶ ላይ፣ ሌላው 12 ላይ በዚያው የስህተት ቁጥር ቆመ።

የጥገና ሠራተኛ

ወንድሜ፣ ስድስት ጊዜ ሞክረው ስድስት የተለያዩ ቁጥሮች መዝግበዋል። ለችግርዎ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ይኸው ነው። ፍላሹ ወይም የአይኤስኦ ፋይሉ የተበላሸ ቢሆን ኖሮ ብልሽቱ ያለው በአንድ የታወቀ ቦታ ላይ ስለሆነ በየጊዜው እዚያው አካባቢ ይቆም ነበር። ቦታው ሲለዋወጥ ግን ብልሽቱ ያለው ፋይሉ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው፤ በአሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ ከዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ የሚታመመው ራም ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ዊንዶውስን የያዘው ትልቁ ፋይል በፍላሹ ላይ ያለው ተጨምቆ ነው። ኢንስታሌሽኑ ይህንን ፋይል ቁራጭ በቁራጭ ወደ ራም ያመጣና እዚያ ዘርግቶ ወደ ዲስኩ ይጽፈዋል። ከራሙ ውስጥ አንዲት የታመመች ቦታ አንዱን ቢት ከዜሮ ወደ አንድ ከገለበጠችው የተጨመቀው ቁራጭ አይዘረጋም፤ ኢንስታሌሽኑም ጥፋቱ የራሙ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ይቆማል። የታመመችው ቦታ ላይ የሚያርፈው ቁራጭ በየጊዜው ስለሚለያይ ነው ቁጥሩም የሚለያየው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። በቅርቡ ራም ጨምረዋል ወይም ቀይረዋል? የደንበኞችዎ ሰነዶች ያሉበት አሮጌው ሃርድ ዲስክስ አሁንም ተሰክቶ ነው ያለው? ተሰክቶ ከሆነ ዛሬውኑ ይንቀሉት። አንደኛ፣ በድካም መሃል ፎርማት የሚደረገውን ዲስክ ማሳሳት ቀላል ነው። ሁለተኛውና ዋናው ግን፣ ድምፁን ስለ ሰሙ ሰነዶቹን ለማዳን ቸኩለው መገልበጥ እንዳይጀምሩ ነው። ራሙ የታመመ ኮምፒውተር ፋይል ሲገለብጥ ምንም የስህተት መልእክት ሳያወጣ የተበላሸ ቅጂ ሊጽፍ ይችላል፤ ይህንን የሚያውቁት ከወራት በኋላ ባለጉዳይ መጥቶ ውሉን ሲጠይቅዎት ነው።

ምርመራው እንዲህ ነው። ሜምቴስት 86 ፕላስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ያዘጋጁና ኮምፒውተሩን በእሱ ያስነሡት። መጨረሻው ላይ ፕላስ የሚለው መኖሩን ያረጋግጡ፤ ያለ ፕላስ የሚጠራው ሌላ ፕሮግራም ሲሆን አዳዲሶቹ እትሞቹ በድሮው ባዮስ አይነሡም። ስህተት ካገኘ በቀይ መስመር ያሳያል፤ ጤነኛ ራም አንድም ቀይ መስመር አያወጣም፣ «ጥቂት ብቻ ነው» የሚባል ነገርም የለም። ቀይ ከታየ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅለው፣ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው የቀረውን ኃይል ካስወጡ በኋላ ራሞቹን ያውጧቸው። የራሞቹን ወርቃማ ጥርሶች በንጹሕ ነጭ ላጲስ በቀስታ ይጥረጉ፣ ፍርፋሪውን ይጥረጉለት፣ ከዚያም አንድ በአንድ ለየብቻ እየሰኩ ይፈትሹ። ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የራሙ ነው፤ የትኛውም ራም በአንድ ቀዳዳ ላይ ብቻ ስህተት ካሳየ ግን ቀዳዳው ነው።

እግረ መንገድዎን ማዘርቦርዱ ላይ በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ያሉትን ካፓሲተሮች (ኃይል የሚያጠራቅሙትን ትንንሽ ሲሊንደሮች) በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ጫፋቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያወጣ ካለ ይንገሩኝ። ማዘርቦርዱ አልቆለታል የሚለውን ፍርድ ግን ከምርመራው በፊት አይቀበሉ። እኔ ራሴ ሥራውን በጀመርኩበት ጊዜ በዚህ ዓይነት ምልክት ማዘርቦርድ አስቀይሬ፣ ጥፋቱ የራም ሆኖ ተገኝቶ ባለንብረቱን ያለ አግባብ አስወጥቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የኮምፒውተር መምህርት

የወንድሜ ምርመራ ትክክለኛ ነው ብዬ አምናለሁ፣ መጀመሪያም መደረግ ያለበት እሱ ነው። እኔ የምጨምረው ከዚያ በኋላ ስለሚጫነው ነገር ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ወደ 11 እንዳይሄዱ ደግሞ ፕሮሰሰርዎ አይፈቅድልዎትም። በብልሃት የቲፒኤምን (የደኅንነት ቺፑን) መስፈርት ማለፍ ይቻላል የሚሉ ምክሮች ቢያጋጥሙዎትም፣ 24ኤች2 ከሚባለው የዊንዶውስ 11 እትም ጀምሮ ያለው ፖፕካውንት የሚባለውን የፕሮሰሰር ትእዛዝ ግድ ስለሚል በኮር 2 ዱዎ ላይ ጨርሶ አይነሣም።

የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ደግሞ በቀን የብዙ ሰው ፍላሽ ይሰካበታል፤ ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው ከሚዛመትባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነውና የድጋፉ ማብቃት ለእርስዎ ከሌላው ሰው ይበልጥ ያሳስባል። በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነው ነፃው ሊኑክስ ሚንት፣ ኤክስኤፍሲኢ በሚባለው ቀላል እትሙ፣ በ2 ጊጋባይት ራም ይሠራል፣ 4 ቢኖር ይመረጣል። አማርኛም አይባስ በሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም በኩል ይጻፍበታል። የሚያስቸግረው አንድ ነገር ነው። የቆዩ ሰነዶችዎ ከዩኒኮድ (ዛሬ ፊደላት ሁሉ ከሚጻፉበት የጋራ ኮድ) በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ከሆነ ፎንቱን ካልጫኑ በስተቀር ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ይታያል፤ ፎንቱን ሊኑክስ ላይ መጫን ይቻላል፣ ለዊንዶውስ የተሠራው የመጻፊያ ፕሮግራም ግን እንዳለ አይሄድም። ሚንትን ሳይጭኑ ከፍላሽ ላይ አስነሥተው ሰነዶችዎን ከፍተው መመልከት ስለሚችሉ ሳያዩ አይወስኑ። ራሙ ሳይስተካከል ግን ሊኑክስም ቢሆን በሰላም አይጫንም።

ባለ ጽሕፈት ቤት (ጠያቂ)

ወንድሜ፣ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አስቀድሜ መናገር ሲገባኝ ያልተናገርኩት ነገር አለ። ኤስኤስዲውን በገዛሁበት ዕለት ያገለገለ ባለ 2 ጊጋባይት ራምም ገዝቼ ነበር። ቀድሞ የነበሩት ሁለት ባለ 1 ጊጋባይት ናቸው፤ 4 ያልኩት ሦስቱን ደምሬ ነው። አዲስ የተገዛ ነገር ይበላሻል ብዬ ስላልጠረጠርኩ ለመጥቀስ አላሰብኩም።

ሜምቴስቱን ባስነሣሁ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ። የገዛሁትን አውጥቼ ሁለቱን አሮጌዎች ብቻ አስቀርቼ ሌሊቱን ሙሉ ተውኩት፤ ጠዋት አንድም ስህተት አልነበረም። ከዚያ የገዛሁትን በላጲስ ጠርጌ ብቻውን በአንደኛው፣ ቀጥሎም በሦስተኛው ቀዳዳ ሰካሁት፤ በሁለቱም ቀይ አወጣ። ካፓሲተሮቹ ሁሉ ጠፍጣፋ ናቸው። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ እንደ ነቀልኩ በሁለቱ ራሞች ኢንስታሌሽኑን ሞከርኩ፤ 100 በመቶ ደርሶ ዊንዶውሱ ተነሣ።

ደስታዬ ግን እስከ ማታ ብቻ ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰማያዊ ስክሪን መጣና ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ (የሚነሣበት ዲስክ አልተገኘም) ይላል፤ ደጋግሜ ባስነሣውም ያው ነው። ኤስኤስዲውም ተበላሽቶ ይሆን?

የጥገና ሠራተኛ

ኤስኤስዲው ደህና ነው፣ እንደገናም አይጫኑ። መልሱ በመጀመሪያው ጥያቄዎ ላይ ስለ ሰዓቱ የጻፉት ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፤ መብራት በሄደ ቁጥር ባዮሱ ያስተካከሉትን ሁሉ ይረሳና ወደ ፋብሪካ ምርጫው ይመለሳል። ዊንዶውስን ሲጭኑ ሳታው ኤኤችሲአይ ላይ ነበር። መብራቱ ሲመለስ ወደ አይዲኢ ዞረ፣ ዊንዶውሱም ዲስኩን በሚያውቀው መንገድ ሊያገኘው አልቻለም። ወደ ባዮስ ገብተው ወደ ኤኤችሲአይ ይመልሱት፣ በኤፍ10 አስቀምጠው ይውጡ፤ ይነሣል። ባትሪዋ ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ናት፤ ሰዓት ጠጋኞች ዘንድ አትጠፋም።

ራሙን በተመለከተ፣ የገዙት 800 ሜጋኸርዝ አሮጌዎቹ 667 ቢሆኑ እንኳ ጥፋቱ በፍጥነት ልዩነት ነው ብለው እንዳያስቡ፤ ማዘርቦርዱ ሁሉንም በዝቅተኛው ፍጥነት ያሠራቸዋል። ብቻውን ተሰክቶም ስህተት ስላወጣ ራሙ ራሱ የታመመ ነው። የሜምቴስቱን ስክሪን ፎቶ አንሥተው ለሻጩ ያሳዩ፣ የሚለወጥልዎትንም በዚያው መንገድ ሳይፈትሹ አይቀበሉ።

ባለ ጽሕፈት ቤት (ጠያቂ)

ሳታውን ስመልሰው ወዲያው ተነሣ። ባትሪዋን ከሰዓት ጠጋኝ ገዝቼ ቀየርኩ፤ የወጣችውን ሰውዬው ሲለካት 1.2 ቮልት ብቻ ቀርቷት ነበር። ሻጩም ፎቶውን አይቶ ያለ ክርክር ሌላ ራም ሰጠኝ፤ ሦስቱን አንድ ላይ ሰክቼ ሌሊቱን ፈትሼ ቀይ መስመር አልታየም። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ የሰካሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከሰነዶቹ አሥራ አንዱ ሊነበቡ አልቻሉም፣ የቀሩት ሁሉ ወጥተዋል። የአሥራ አንዱን የታተመ ቅጂ ከማህደሬ እየፈለግሁ ነው፤ እስካሁን ስምንቱን አግኝቻለሁ።

እህቴ እንዳሉት የደንበኞችን ፍላሽ የምከፍተው ከአሁን በኋላ በሚንት ይሆናል፤ ለዚህ የሚሆን ፍላሽ አዘጋጅቼ አማርኛ መጻፉን ሞክሬአለሁ። ዊንዶውሱን የአሮጌዎቹን ፎንቶች ሰነድ ለማረም ብቻ፣ ከኢንተርኔት ለይቼ አስቀምጬዋለሁ። ትናንት መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ መጣ፤ ሰዓቱ ትክክል እንደ ሆነ ኮምፒውተሩ ተነሣ።