ከፍቺ በኋላ ለብቻዬ ኮንዶሚኒየም ልገዛ ነው፤ በ2.4 ሚሊዮን ብር የቱን ልውሰድ?

እናትና_ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። ፍቺው በፍርድ ቤት ከተወሰነ አራት ወር ሆኖታል፤ የንብረት ክፍፍሉ ግን ገና አላለቀም። የስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ። ባንክ ያለኝ 2.4 ሚሊዮን ብር ነው፤ ደመወዜ ተቆራርጦ 26,000 ብር እጄ ይገባል። ደላላ ሁለት ባለ አንድ መኝታ ቤቶች አሳይቶኛል። አንደኛው የካ አባዶ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ካርታ ያለው፣ ትንሽ የባንክ ዕዳ የቀረበት ነው፤ 2.9 ሚሊዮን ይሉታል። ሁለተኛው አራብሳ፣ አራተኛ ፎቅ፣ 2.2 ሚሊዮን ነው፤ አምስት ዓመቱ ስላልሞላ «በውክልና እንጨርሰዋለን» ተብያለሁ። ክፍፍሉ ሳያልቅ ብገዛ ምን ይመጣብኛል? ውክልናው ያስተማምናል? ተበድሬ ውዱን ልውሰድ ወይስ ርካሹን? ቤቱን ሳይስ ምኑን ልፈትሽ? በ2005 የተመዘገብኩበት የ20/80 ቁጠባም (20 በመቶ ተቆጥቦ ቀሪው በባንክ ብድር የሚከፈልበት፣ በዕጣ የሚሰጥ የመንግሥት ኮንዶሚኒየም) አለኝ።

ሰነድ_አንባቢ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ክፍፍሉን ጨርሺ፤ ቤቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 62 መሠረት ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመን ሠርተው ያገኙት ገቢ የጋራ ነው። አንቀጽ 63 ደግሞ ንብረቱ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ እንደ ጋራ ይቆጥረዋል። ፍቺው ስለተወሰነ ከእንግዲህ የምታገኚው ደመወዝ ያንቺ ነው። 2.4 ሚሊዮኑ ግን በትዳር ላይ እያላችሁ የተጠራቀመ ከሆነ ክርክር አለበት። በዚያ ብር ቤት ስትገዢ ክርክሩ ከባንክ ሒሳቡ ተነስቶ ወደ ቤቱ ይዞራል። ቤቱ ላይ እግድ ከወጣ ስም ማዛወሩ መሀል ላይ ይቆማል፤ ሻጩ ግን ብሩን ተቀብሎ ሄዷል።

ከተስማማችሁ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጋችሁ ፍርድ ቤቱ ያጽድቀው። ጽሑፉ ላይ «ገንዘቡን ተካፍለናል» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም። የሒሳብ ቁጥሩ፣ የገንዘቡ መጠን፣ ለማን እንደደረሰና ሌላው ወገን ከዚህ በኋላ ጥያቄ እንደሌለው ተዘርዝሮ ይግባ። የውሳኔውን ማኅተም ያለበት ግልባጭ ቢያንስ ሁለት አውጪ። ፍቺውንም በወረዳው ወሳኝ ኩነት አስመዝግበሽ የፍቺ ምስክር ወረቀቱን ያዢ፤ ውልና ማስረጃ (የሽያጭ ውሉ የሚፈረምበትና የሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት) የጋብቻ ሁኔታሽን ሲጠይቅ የምታቀርቢው እሱን ነው።

የ20/80 ቁጠባውን አትደብቂ። በጋብቻ ዘመን የገባው ብር የክፍፍሉ አካል ነው። ምዝገባው ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለሌለው ሰው ስለሆነ፣ በስምሽ ቤት ከገዛሽ ከዕጣው ጋር ይጋጫል። ዕጣውን እየጠበቁ መግዛትን እንደ ሁለት ዕድል አትቁጠሪው።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎችም፦ ዕቃ ጭኖ መውጣት ወይም በሽማግሌ ፊት መለያየት ፍቺ አይደለም። ያለ ጋብቻ አብረው የኖሩም ቢሆኑ፣ ግንኙነቱ ሦስት ዓመት ከሞላው በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት እንደ ጋራ ይታያል።

ካርታ_በእጅ፦
የአራብሳውን ተዪው። ዋጋው የወረደው ቤቱን ስለማትገዢ ነው፤ የምትገዢው የሰውየውን ቃል ነው። የ20/80 ቤት አምስት ዓመት ሳይሞላው በሽያጭ አይተላለፍም። ስለዚህ ሻጩ የመሸጥ ውክልና ይሰጥሻል፣ አንዳንዴም በጎን የብድር ውል ያስፈርሙሻል፣ ኑዛዜ የሚጨምሩም አሉ። ውክልና ግን ሰጪው በፈለገ ጊዜ የሚሽረው ወረቀት ነው። ሰጪው ከሞተም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውክልናው ያበቃል፤ ቤቱ ለወራሾች ይሄዳል፣ አንቺ ወራሾቹን በብድር ከሳሽ ሆነሽ ትቀሪያለሽ። ሻጩ ቢፋታ ሚስቱ ድርሻዋን ትጠይቃለች። ዕዳ ቢኖርበት አበዳሪው ቤቱን ያሳግዳል፤ መዝገቡ ላይ ያለው ስም የእሱ ነውና። አራት ነገር በሌላ ሰው ዕድሜ፣ ትዳር፣ ዕዳና ቅንነት ላይ ተንጠልጥሎ 700,000 ብር ቅናሽ ብዙ አይደለም።

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ፊት መደረግ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ይናገራል። ደላላው ቤት የተፈረመው ወረቀት ምስክሩ ቢበዛም ያንን አይተካም።

ወለድ_ቆጣሪ፦
ስለ ብድሩ። ብዙ ባንኮች ወርሃዊ ክፍያው ከተጣራ ደመወዝ ሲሶ እንዳያልፍ ያያሉ፤ ያንቺ ሲሶ 8,660 ብር አካባቢ ነው። ወለዱ 16 በመቶ ነው ብለን እንያዝ። 500,000 ብር በ10 ዓመት በወር 8,375 ብር ይመጣል። በ15 ዓመት 7,345 ብር ይሆናል። ልዩነቱ በወር 1,030 ብር ብቻ ይመስላል። ጠቅላላውን ስትደምሪ ግን የ10 ዓመቱ 1,005,000 ብር ገደማ፣ የ15 ዓመቱ 1,322,000 ብር ገደማ ነው። ለዚያች አንድ ሺህ ብር ከ300,000 ብር በላይ ትከፍያለሽ። ከቻልሽ 10 ዓመቱን ያዢ። ውል ከመፈረምሽ በፊት ቀድሞ መክፈል ቅጣት እንዳለው፣ ወለዱም በመሀል የሚቀየር መሆኑን ጠይቂ።

ስለዚህ አቅምሽ 2.4 እና 0.5፣ ድምሩ 2.9 ሚሊዮን ነው። ይህ ማለት 2.9 የሚባል ቤት ይገዛል ማለት አይደለም። የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ አለ፣ ከዚያ አሹራ (የስም ማዛወሪያ ክፍያ)፣ የደላላ ኮሚሽን፣ የባንክ ግምትና የኢንሹራንስ ወጪ ይከተላል። ቤቱ ውስጥ የሚጠገን አይጠፋም። የስድስት ወር የብድር ክፍያ፣ 50,000 ብር፣ የማይነካ ተቀማጭ ይሁን፤ ደመወዝ የሚያስገባው አንድ ሰው ብቻ በሆነበት ቤት ይህ መታለፍ የለበትም። ዋጋውን ከ2.6 ሚሊዮን በላይ አትሂጂ።

አንድ ወጥመድ አለ። የባንኩ መሐንዲስ ቤቱን ከተስማማችሁበት ዋጋ ዝቅ አድርጎ ሊገምተው ይችላል፤ ባንኩ የሚያበድረው ከዝቅተኛው ተነስቶ ነው። ልዩነቱ ከኪስሽ ይወጣል። ስለዚህ ቀብድ ከመስጠትሽ በፊት ግምቱ ይሠራ።

ፎርማን_ጀሞ፦
ቤት ሲታይ ሰው ሴራሚኩንና ቀለሙን ያያል። የሚያስከፍለው ውሃና መብራት ነው።

ሽንት ቤቱን ፈትሺ። የወለሉን ፍሳሽ ቀዳዳ በፕላስቲክና በጨርቅ አጥብቀሽ ዝጊና ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ወለሉ ላይ አፍስሺ። 1.5 በ1.2 ሜትር ወለል ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆማል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከታች ያለውን ጎረቤት አስፈቅደሽ ጣራውን እዪ፣ በተለይ ቧንቧው ጣራውን በስቶ በሚወርድበት ዙሪያ። የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ ነው፤ ወለሉ ሲሠራ ቀዳዳው ዙሪያ ውሃ መከላከያ ሳይቀባ በሲሚንቶ ብቻ ይደፈናል፣ ሲሚንቶውም ከቧንቧው ይላቀቃል። ያ ማለት ሴራሚክ ማንሳት፣ መከላከያ መቀባትና እንደገና ማንጠፍ ነው። ከላይ ያለው ጎረቤትም ባንቺ ላይ እንዳያፈስ ያንቺን ጣራ እዪ። አዲስ ቀለም የተቀባ አንድ ጥግ ካለ በእጅሽ ዳብሺው፤ ርጥበቱ ይሰማሻል፣ ቀለሙም እንደ ዱቄት ይረግፋል።

ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና እስከ ስንተኛ ፎቅ ያለ ፓምፕ እንደሚወጣ ሻጩን ሳይሆን ጎረቤቶቹን ጠይቂ። ሮቶ ካለ የተቀመጠበትን ቦታ እዪ። 500 ሊትር ሲሞላ ግማሽ ቶን ነው፤ በረንዳ ላይ ወይም ወለሉ መሀል መቆም የለበትም። ግድግዳ ተጠግቶ፣ ከሥሩ ቢም (ወለሉን የሚሸከም አግዳሚ) ባለበት በኩል ይሁን።

ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው። ለብቻው 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና 20 ወይም 25 አምፔር ብሬከር ይፈልጋል። ብዙ ቤት ውስጥ ሽቦው 2.5 ሆኖ ብሬከሩ ሲወርድባቸው ሽቦውን ትተው ብሬከሩን በትልቅ ይቀይሩታል። ከዚያ ብሬከሩ አይወርድም፤ የሚግለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። የብሬከሩን ሳጥን አስከፍተሽ ቁጥሩን አንብቢ፤ 32 ወይም 40 ካየሽ ሽቦውን አስመርምሪ። ሶኬቱ ዙሪያ የጠቆረ ፕላስቲክ ካለ ጨርሷል።

ለልጅሽ የበረንዳውን ብረት ለኪ። ቁመቱ 1.10 ሜትር ይሁን፣ በብረቶቹ መሀል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ቁመቱ ካነሰ ወይም ክፍተቱ ከበለጠ በብየዳ ይስተካከላል፤ ወጪውን ከዋጋው አስቀንሺበት።

ሳሎን ለማስፋት ግድግዳ አፍርሰው ከሆነ ከፕላኑ ጋር አመሳክሪ። የብሎኬት መለያ ከሆነ ቀላል ነው፤ ቢም ወይም ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) ከነኩ ግን ተዪው።

እናትና_ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአራብሳውን ትቻለሁ። የአባዶው ሻጭ ፈት ነኝ ይላል፤ ያላገባ ማስረጃም አለው። የባንክ ዕዳውን «አንቺ ዝጊልኝና ከዋጋው ይቀነሳል» አለኝ። ውሉ ላይም ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ፣ ግብሩ ይቀንሳል ብሏል። እነዚህን እንዴት ልያዛቸው?

ሰነድ_አንባቢ፦
ፈት ነኝ ካለ አንቺ ላይ ያልኩት ሁሉ እሱም ላይ ይሠራል። ያላገባ ማስረጃው ዛሬ ሚስት እንደሌለው እንጂ ቤቱ የእሱ ብቻ መሆኑን አያሳይም። ቤቱ በትዳሩ ዘመን የተገኘ ከሆነ የፍቺውን ውሳኔና ቤቱ ለእሱ መድረሱን የሚያሳየውን የክፍፍል ውሳኔ ግልባጭ ጠይቂ። ክፍፍሉ ካላለቀ የቀድሞ ሚስቱ መጥታ ትፈርም። ባለትዳር ሻጭ ሲሆንም የሁለቱ ፊርማ ግድ ነው፤ ያልፈረመው ወገን ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር፣ ቢበዛ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲሻር መጠየቅ ይችላል።

ዕዳው ላይ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። ሻጩ ከባንኩ ቀሪ ዕዳውን የሚገልጽ፣ ቀን ያለበት ደብዳቤ ያምጣ። የቀብድ ውል ጻፉ፤ የቀብዱ መጠን ከቀሪው ዕዳ ጋር እኩል ይሁን፤ «ቀብድ» የሚለው ቃልም በግልጽ ይግባ፤ ተቀባዩ ውሉን ካፈረሰ እጥፍ የሚመልሰው በዚያ ቃል ነው። ብሩን በእጁ አትስጪው፤ አብራችሁ ሄዳችሁ ቀጥታ ብድሩ ሒሳብ ላይ አስገቢና ደረሰኙን አንቺ ያዢ፣ ማመልከቻው ላይ ስምሽ ከፋይ ተብሎ ይጻፍ። ባንኩ ከዕዳ ነጻ መሆኑን ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሲጽፍና ለብድሩ ሲባል ቤቱ ላይ የተያዘው እግድ ሲነሳ ወደ ውልና ማስረጃ ትሄዳላችሁ። የቀረው ገንዘብ በሲፒኦ (ባንኩ ራሱ ዋስ ሆኖ በሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) ይሁን፤ ሲፒኦውን የምታስረክቢው ውሉ በተፈረመበት ክፍል ውስጥ ነው። ዕዳው ከ200,000 ብር ከበለጠ የቀብዱን ውል ጠበቃ ይጻፈው።

ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መጻፍን እምቢ በይ። ግብሩን የሚያሰላው ቢሮ የራሱን ግምት ስለሚያወጣ ያን ያህል አይጠቅምም። ውሉ አንድ ቀን ቢፈርስ ግን በማስረጃ የምታስመልሺው ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ከሽያጩ ትርፍ የሚከፈለው ግብርም የሻጩ ነው፤ ውሉ ላይ «ማንኛውንም ግብር ገዢ ይከፍላል» የሚል ዐረፍተ ነገር ካለ አሰርዢው። በአንጻሩ የመጨረሻውን የውሃና የመብራት ደረሰኝ፣ ከባለቤቶች ማኅበሩ ደግሞ ውዝፍ መዋጮ እንደሌለበት የሚገልጽ ደብዳቤ ቁልፍ ከመረከብሽ በፊት እንዲያቀርብ አስገቢበት።

ፎርማን_ጀሞ፦
ቁልፉን የተረከብሽ ቀን የበሩን ሲሊንደር ቀይሪ፤ የቆጣሪዎቹንም ንባብ ሻጩ ባለበት በስልክ ፎቶ አንሺ።